ሳልጠይቅ የደረስኩበት ቤት

መንገድ መጠየቅ አልወድም። በእኛ አገር መንገድ የጠየቀ ሰው መልሱን የሚያገኘው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሣ፣ ማን ዘንድ እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ ከተናገረ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ከተናዘዘ በኋላም የሚሰጠው መልስ «ያችን ዋርካ አየሃት? እሷን አልፈህ ጠይቅ» የሚል ነው። ዋርካዋ ሥር ደግሞ ሌላ ሰው ቆሟል፤ እሱም ከአባት ስም ይጀምራል። እኔ ሲፈጥረኝ ለዚህ የሚሆን ትዕግሥት አልተሰጠኝም። ሰው ደኅንነቴን ሲጠይቀኝ ኪሴን የሚፈትሸኝ ይመስለኛል።

ስለዚህ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ በስልክ ላይ መጫን ይቻላል ሲሉኝ፣ ለእኔ ብለው የሠሩልኝ ያህል ደስ አለኝ። ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አንድ ወዳጄ በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ አገሩን በሙሉ አውርዶ ጫነልኝ። ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ስልኩን በብስክሌቴ መሪ ላይ አሰርኩትና ቅዳሜና እሑድ ከከተማ መውጣት ጀመርኩ። ኔትወርኩ ከከተማው ዳር ሲጠፋ ሰማያዊዋ ነጥብ አትጠፋም። እኔ ስሄድ ትሄዳለች፣ ስቆም ትቆማለች፣ የማን ልጅ ነህ አትለኝም። የሥራ ባልደረቦቼ «ስልክ የሚጋልበው መምህር» የሚል ስም አወጡልኝ። ይበሉ እንጂ፤ ቅናት ነው ብዬ ተውኳቸው።

እናቴ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ታናሽ እህቴ የግብርና ልማት ሠራተኛ አግብታ፣ ባሏ በቅርቡ ከቁይ ከተማ ወዲያ ወደሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ ተዛውሮ፣ እዚያ ሄዳለች። ቤታቸውን አላየሁትም። ባሏ አንድ ጊዜ ለሥራ ከተማ መጥቶ እኛ ዘንድ ሲያድር ካርታዬን አሳየሁት። በጣቱ ገፋ፣ ገፋ፣ አሰፋ አደረገና፣ ከጠጠሩ መንገድ ተገንጥላ ቁልቁል በምትወርድ አንዲት የተቆራረጠች መስመር ጫፍ ላይ ምልክት አስቀመጠልኝ። «ቤታችን እዚህች ጋ ናት» አለ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ምልክቷን ለረጅም ጊዜ አየች። «እና ልጄ አሁን እዚህ ውስጥ ናት?» አለችኝ።

እህቴ ልትወልድ ሲቃረብ እናቴ ልትሄድ ስንቋን አዘጋጅታ ነበር። ግን እሷ ራሷ ታመመች። መጀመሪያ ሆዴን ነው አለች፤ ቀጥሎ መብላት አቆመች፤ ቀጥሎ ሆስፒታል አስተኛናት። እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሲደወልልኝ ደም ብዙ ፈስሷት ለጥቂት እንደተረፈች ነገሩኝ። ለእናቴ «በሰላም ተገላገለች» አልኳት። ለእህቴ ደግሞ «እናታችንን ጉንፋን ይዟት ነው» አልኳት። ሁለቱንም በአንድ ስልክ ዋሸኋቸው ማለት ነው፤ እናቴ የራሷ ስልክ አልነበራትም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለው ውሸት እንደ ነጠላ ነው፣ ያለ እሱ ከሰው ፊት አይወጣም።

እናቴ በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ሞተች። ገና ሬሳዋ ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ የነፍስ አባቷና የእድሩ ዳኛ ግቢው ውስጥ አንድ ጥግ ቆመው መከሩ። እኔን ጠሩኝ። አጎቴ ነበሩ የተናገሩት። እናቴ አባቷን ሳታውቅ ስላደገች አባትም ወንድምም የሆኗት እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቶ ድምፃቸው ግን አልተናወጠም።

«ቀብሩን ለነገ ከሰዓት አቆይተነዋል። እህትህ ግን አራስ ናት፤ ያውም ከሞት የተረፈች አራስ። አሁን ብትሰማ ወተቷም ይደርቃል፣ እሷም አትተርፍም። ባሏ ይወቅ፤ እሱ መጥቶ ይቅበር፣ ተመልሶም ይጠብቃት። አለዚያ የቁይ ገበያተኛ አንድ ቀን አፉን ይከፍትባታል» አሉኝ።

መደወል እንደማይሆን ሁላችንም አወቅን። እነሱ ቤት ኔትወርክ የሚያገኘው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ከእሷ ራስጌ ነው የሚቀመጠው። ማንም ይደውል ማን፣ የምታነሣው እሷ ናት።

«ያ ስልክህ መንገዱን ያውቀዋል ይባል የለ?» አሉ አጎቴ።

«ያውቀዋል» አልኩ።

የነፍስ አባቷ መስቀላቸውን አሳለሙኝና፣ «ሰው እንዳትጠይቅ። ከጠየቅህ መልስ ልትሰጥ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ፤ መርዶው ቀድሞህ ይገባል። ዝም ብለህ ሂድ፣ ባሏን ከቤት ውጭ አግኘውና ለእሱ ብቻ ንገረው» አሉኝ። ምክሩ ልቤ ውስጥ የነበረ ነው። እናቴ በሞተችበት ቀን እንኳ፣ ያለ ሰው የምሄድበት መንገድ በመኖሩ አንድ ዓይነት እፎይታ ተሰማኝ።

ብስክሌቴን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ቁይ ደረስኩ። በመንገድ ሁሉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር። አክስቶቼ ከመውጣቴ በፊት የሐዘን ነገር እንዳይታይብኝ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሰውኝ፣ ፊቴን በውሃ አጥበውኝ ነበር። ረዳቱ ብስክሌቱን ሲያወርድልኝ «ለሽርሽር ነው መምህር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ከቁይ ወዲያ የገበያ ቀን ካልሆነ መኪና የለም። ስልኩን መሪው ላይ አስሬ ጠጠሩን ያዝኩ። የጤፍ አጨዳ ጊዜ ነው። ከግራም ከቀኝም ማሳው በሰው ተሞልቷል፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንፈል የወጣ ጎረቤት ሁሉ ማጭድ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ሰው የማያይህ አንድም ቦታ የለም። ብስክሌት ያየ ሁሉ ቀና ይላል።

«እንደምን ዋልህ ጌታው!»

«አረፍ በል እንጂ፣ ጠላ ቅመስ!»

«ወዴት ነው እንዲህ?»

እጄን ብቻ እያነሣሁ አለፍኩ። እግሬ ይዞራል፣ ዓይኔ ነጥቧ ላይ ነው። ስለ እናቴ እንዳላስብ ስለ ካርታው አሰብኩ። ይህ ዳገት በካርታው ላይ አይታይም፣ ያ ወንዝ ግን ይታያል፣ ይህችን ድልድይ ማን ይሆን ያስገባት እያልኩ ነዳሁ። አንድ ጊዜ ሳላስበው፣ ስመለስ የት እንደደረስኩ ለእናቴ አሳያታለሁ ብዬ አሰብኩ። ከብስክሌቱ ልወድቅ ነበር።

መገንጠያው ላይ ጠጠሩ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የተቆራረጠችው መስመር ደግሞ ወደ ግራ ቁልቁል ትወርዳለች። በዓይን ሲታይ ግን መንገድ አይመስልም፤ በሁለት ማሳ መካከል የምትገባ የእግር መንገድ ናት። እዚያ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በዱላቸው ተደግፈው የሚያጭዱትን ይጠብቃሉ።

«እንደምን ዋልህ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በደኅና ነው?»

ጎጃም ያደገ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አይፈልግም፤ በእንቅልፉም «በደኅና ነው» ይላል። ቤቱ እየተቃጠለም ይላል። እኔ አቃተኝ። ከንፈሬ ተከፈተ፣ ግን ቃሏ አልወጣችም። ሽማግሌው ይጠብቃሉ። እኔ ወደ ስልኩ አጎነበስኩና መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ቁልቁል ለቀቅኩት።

«ማን ዘንድ ነው ልጄ? ኧረ አንተ ሰው!» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ።

ጥቂት እንደወረድኩ ረጅም ጥሪ ሰማሁ፤ አንድ ሰው ከአፋፉ ላይ ሆኖ ወደ ማዶ ይጣራል። ከማዶው ሌላ ድምፅ ተቀበለው፣ ከዚያም ሌላ፣ እየራቀ ሄደ። በሬ የጠፋበት ሰው ነው አልኩ። የእግር መንገዷ አንድ ገደል መሳይ ሸለቆ ላይ ጣለችኝ፤ ክረምቱ መንገዱን በልቶታል፣ ካርታው ግን ቀጥ ብለህ እለፍ ይላል። ብስክሌቱን ተሸክሜ ወረድኩ፣ ተሸክሜ ወጣሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ወዲያኛው አፋፍ ላይ ስደርስ ነጥቧ ከምልክቷ አጠገብ ነበረች። አንድም ሰው ሳልጠይቅ ደርሻለሁ። ትክክል ነበር፣ የእህቴ ባል እዚህች ጋ ናት ያለው እውነቱን ነው።

በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ቤት አየሁ። በሯ ላይ ሴቶች ተሰብስበዋል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

መጀመሪያ ያሰብኩት እህቴ ሞታለች ብዬ ነው። ብስክሌቱ ከእጄ ወደቀ። አንዲት እናት ወደ እኔ መጡና ክንዴን ያዙ።

«ፊትህ የእሷው ነው፤ ወንድሟ ነህ» አሉ። «ምነው ልጄ፣ ምነው ዝም አልክ? ዝም ብሎ የሚመጣ ሰው አለ? ማንን ነው?»

ያኔ ገባኝ። ዝርዝሩን በኋላ የነገረኝ የእህቴ ባል ነው። በዚያች መገንጠያ ሳይጠይቅ የሚያልፍ እንግዳ ኖሮ አያውቅም፤ የአገሬው ሰው ካልሆነ መግቢያዋን አያያትም። የከተማ ልብስ የለበሰ፣ ሰላምታ የማይጨርስ፣ በደኅና ነው ሲባል ዝም ያለ፣ የማያውቀውን መንገድ እንደሚያውቅ ሆኖ የገባ ሰው ሲያዩ፣ ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ነው የመሰላቸው። በዚያ መንገድ የሚኖር ከሌላ አገር የመጣ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። «የልማት ሠራተኛው ቤት እንግዳ መጥቶበታል፣ በደኅና አይደለም» ብለው በዚያ በሰማሁት ጥሪ አስነገሩ። እኔ ብስክሌት ተሸክሜ ከሸለቆው ስወጣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ አልቋል። ያወቁት ሞት መኖሩን ነው። የማን እንደሆነ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው።

የእህቴ ባል ከማሳ ተጠርቶ መጥቶ ግድግዳው ሥር ቆሟል። በዓይኑ ለመነኝ። እህቴ በሩ ላይ ወጣች። አራስ ከቤት አትወጣም፤ ማንም ግን ሊያቆማት አልቻለም። በአንድ እጇ መቃኑን ይዛለች፣ በሌላው ልጁን። እንዲህ ገርጥታ አይቻት አላውቅም። ልጁ ጡቷን ለቆ ያለቅሳል።

«ወንድምዓለም፣ ማን ነው?» አለችኝ።

ጀማምረው የነበሩት ሙሾ አውራጆች እንኳ አፌን ይጠብቃሉ።

«እናቴ ናት?»

ማንም አልሞተም ብል አታምነኝም፤ ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቋል፣ የእኔም ፊት ይናገራል። እውነቱን ብል በእጇ ያለው ልጅ ይታየኛል። ባሏ ግድግዳው ሥር ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል።

«አጎታችን ናቸው» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ራሴም የሰማሁት። ያን ጠዋት ቆመው የላኩኝን ሰው፣ በሕይወት ያሉትን ሰው ገደልኳቸው። ሴቶቹ ጮኹ። እህቴ መቃኑን ይዛ ቀስ እያለች ተቀመጠችና አለቀሰች። ከልቧ አለቀሰች፤ ይወዷት ነበር፣ ትወዳቸው ነበር። ከለቅሶዋ መሐል ግን «እናቴ አይደለችም፤ ተመስገን፣ እናቴ አይደለችም» ስትል ሰማኋት። ለራሷ ነው ያለችው፣ በለሆሳስ። ሌሎቹ አልሰሟትም፣ እኔ ሰማሁ። ሰማይ ቢደፋብኝ ይሻለኝ ነበር።

አልጋዋ ላይ ከመለሷት በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሌላ ወሬ አልነበራትም።

«እናቴን አደራ። ከእሳቸው ሌላ ማን አላት? ጉንፋኑ ሳይለቃት ይህ ተጨመረባት። ብቻዋን አትተዋት፣ አስገድደህ አብላት። እኔ መምጣት ስላልቻልኩ እንዳይከፋት ንገራት» አለችኝ። ከዚያም ልጁን ወደ እኔ አዙራ፣ «በስልክህ አንሣውና አሳያት። ሲከፋት ትየው» አለች።

ካርታውን ዘግቼ ካሜራውን ከፈትኩ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል። አነሣሁት።

ባሏ ወደ ቀብሩ አብሮኝ ወጣ፤ «አጎትሽን ልቀብር ነው» ብሏት። ብስክሌቱን በየተራ እየገፋን ሸለቆውን ከተሻገርን በኋላ እውነቱን ነገርኩት። መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «እኔም ብሆን የምለው አላገኝም ነበር» አለኝና እንደገና ተነሣ።

በማግስቱ እናቴን ቀበርናት። ከቀብር ስንመለስ ለአጎቴ ያደረግኩትን ነገርኳቸው። እህታቸውን በቀበሩበት ቀን፣ እሳቸውም እንደሞቱ ነገርኳቸው ማለት ነው። ዱላቸውን በአፈሩ ላይ አዞሩ።

«ይሁን» አሉ። «በእኔ ይሁን።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ባስታወስኩት ቁጥር ስልክ ሲጮህ ያመኛል። እህቴ ትደውላለች። «እናቴን አገናኘኝ» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች እላለሁ። ተኝታለች እላለሁ። ሐዘኑ አንደበቷን አስሮታል፣ ማንንም ማነጋገር አትፈልግም እላለሁ። «እሺ፣ አትቀስቅሳት» ትላለች። አንድ ቀን «የልጁን ፎቶ ስታይ ምን አለች?» አለችኝ። «አንቺን ይመስላል አለች» አልኳት። ደስ አላት፤ በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ያን ዕለት ከክፍል ወጥቼ ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ሄጄ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ውሸቱ ግን ሠራ። ይህን ልክድ አልችልም። ወተቷ አልደረቀም፣ ደሟ ተመለሰ፣ ልጁ ወፈረ። አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሲነሣ እናቴ ለምን አልመጣችም ሲባልም መልሱ ዝግጁ ነበር፤ ወንድሟ የሞተባት ሴት ድግስ አትወጣም። አጎቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስልካቸውን ዘግተው፣ ከገበያም ከማኅበርም ቀርተው፣ የቁይ ሰው እንዳያያቸው ቤታቸው ዋሉ። ሚስታቸው «የሞተ ሰው ምሳውን በደንብ ይበላል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ከክርስትናው በኋላ መርዶ ልናረዳት ሄድን። አጎቴ አልቀርም አሉ። «የእህቴን ሞት ለልጇ የማረዳት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሊነግራት አይገባም» አሉ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተከራከሯቸው፤ በመጨረሻ ከኋላ ሆነው እንዲጠብቁ፣ ነገሩ ከተነገራት በኋላ ብቻ እንዲቀርቡ ተስማሙ።

እኔ ስልኬን አላወጣሁም። ሽማግሌዎቹ በየማሳው ይቆማሉ፣ በየደጁ ይቆማሉ። ከብት እንዴት ከረመ ይላሉ፣ ዝናቡ እንዴት ነበር ይላሉ፣ የማያውቁትን ሰው የአባቱን ስም ጠይቀው ዝምድና ያወጣሉ። «ወዴት ነው?» ሲባሉ «አራስ ልንጠይቅ ነው፤ ዘግይተናል፣ ታዝንብናለች» ይላሉ፣ የያዙትን ቅቤ እያሳዩ። መገንጠያው ላይ ያሉት ሽማግሌ አጎቴን ጠላ አጠጧቸው። እኔን አላወቁኝም። «በደኅና ነው?» ሲሏቸው አጎቴ «በደኅና ነው፣ ክብር ይግባው» አሉ፣ ሳቅ ብለው። በዚያ መንገድ ሁሉ አንድም ሰው አልተጣራም። እኔ ያን ቀን ያጣኋትን ቃል እሳቸው እንደ ውሃ አፈሰሷት፤ አዳምጬ ተናደድኩ፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም።

አንድ ጎረቤት ቤት አደርን። ገና ሲነጋጋ፣ እንደ ወጉ፣ ወደ በሯ ሄድን። የእናቴ የነፍስ አባት ከፊት፣ የእድሩ ዳኛ አጠገባቸው፣ እኔ በጎን፣ አጎቴ ደግሞ ከሁሉም ኋላ በነጭ ጋቢ። በሩን ልናንኳኳ እጃችንን ስናነሣ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። እህቴ ልጁን አዝላ፣ ውሃ ልትቀዳ እንስራዋን ይዛ ወጣች።

ካህኑን አላየቻቸውም። እኔንም አላየችኝም። ከሁላችን ትከሻ በላይ ያየችው እሳቸውን ነው፤ ረጅም ናቸው።

«ጋሼ!» አለች። «አሉ እንዴ!»

ፊቷ በራ። እንስራዋን አስቀመጠችና እጇን ዘርግታ አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ሄደች። አጎቴ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም አልወጣቸውም። እህቴ ቆመች። ወደ እኔ ዞረች፤ ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልወረደም ነበር።

«እናቴን ነው የቀበራችኋት» አለችኝ።